የጡሩምባው ምራቂ

ደብረ ብርሃን፣ በእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ፤ እናቷን ትናንት የቀበረችው ስንዱ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከለቅሶው ድንኳን ወጥታ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ማንያዘዋል ገመድ ከሚፈታበት ፊት ለፊት ተገትራበታለች።

ስንዱ፦ ነገ ሊነጋጋ ሲል ይነፋሉ። «ትናንት ስለ ወይዘሮ አቻምየለሽ የተናገርኩት ስሕተት ነው» ይላሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ማንያዘዋል፦ አልልም።

ስንዱ፦ ይላሉ እንጂ!

ማንያዘዋል፦ አልልም አልኩሽ። ይልቅ ወደ ድንኳንሽ ተመለሽ። እናቷን ትናንት የቀበረች ልጅ አስተዛዛኙን ሁሉ ትታ መንገድ ለመንገድ ትሄዳለች እንዴ? ሰው ምን ይላል?

ስንዱ፦ ሰው ምን ይላል? ዛሬ ለሰው አፍ የሚጨነቁት እርስዎ ነዎት? ሰዉ የሚያላምጠውን ሁሉ ያቀበሉት ማን ሆነና!

ማንያዘዋል፦ «እርስዎ» ደግሞ ከየት መጣ? በዳዴ ከምትሄጂበት ጊዜ ጀምሮ «ጋሼ፣ አንተ ጋሼ» እያልሽ አልነበር እንዴ ያደግሽው?

ስንዱ፦ ጋሼ የምለው ሰው የእናቴን ስም አደባባይ አውጥቶ አላሰጣም። እርስዎን አላውቅዎትም።

ማንያዘዋል፦ ምን ብዬ ነው ያሰጣኋት?

ስንዱ፦ ልድገምልዎት? ጆሮዬ ላይ ተለጥፏል እኮ። «ወይዘሮ አቻምየለሽ ደስታ ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሥላሴ ነው። ያረፉት የደም ብዛት ኪኒናቸውን በማቋረጣቸው ነው። ተሻለኝ ብላችሁ ኪኒን አታቁሙ።» ሥላሴ ላይ ቢያቆሙት ምን ነበረበት? ምን አስቀጠለዎት?

ማንያዘዋል፦ እድሩ ነዋ። ከቀብሩ ሰዓት በኋላ አንዲት የጤና ቃል ጨምር ተባልኩ፣ ጨመርኩ። ሰፈሩም «የጡሩምባው ምራቂ» ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ ገበያ ላይ ከስፍሩ በላይ ጣል እንደሚደረገው ማለት ነው።

ስንዱ፦ አበስኩ ገበርኩ! የእናቴ ሞት ስፍሩ፣ የሲስተር ሐረገወይን ስብከት ምራቂው!

ማንያዘዋል፦ ስብከቱንማ አየነው። ሲስተር ከጤና ጣቢያ መጥታ በእድር ስብሰባ ላይ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ስታስተምር ግማሹ አንቀላፋ፣ ግማሹ ዳቦው መቼ ነው የሚታደለው ይል ነበር። ኋላ እኔን ለብቻዬ ጠራችኝና «ጋሽ ማንያዘዋል፣ ይሄ ሕዝብ አንተን ብቻ ነው የሚሰማው፤ በየጉርሻው እያደረግህ አጉርስልኝ» አለች። አንድ ቀን አንዲት ነገር፣ ሌላ ቀን ሌላ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ራሱን መጠበቅ ይማራል ብላ ነው።

ስንዱ፦ አጉርሰውናላ! የመጀመሪያዋን እሁድ ረሱት? «ወጥ ላይ ጨው ቀንሱ» ለማለት ጡሩምባ ነፍተው ሰፈሩን ሁሉ ከአልጋ አላወረዱትም? መቶ አለቃ ጥላዬ በካልሲያቸው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ አልወጡም? ማን እንደሞተ ሳያውቁ እኮ ነው ያለቀሱት!

ማንያዘዋል፦ እሱስ የኔ ጥፋት ነው። ሰው ጡሩምባ ሲሰማ እንባው እንደሚቀድም መርሳት አልነበረብኝም። ከዚያ በኋላ እኮ ነው የእድሩ ዳኛ «ሰው ካልሞተ በቀር ጡሩምባዋን እንዳትነካ፤ ምራቂዋም ከለቅሶ ጥሪ ጋር ትሁን» ያሉት።

ስንዱ፦ እሰይ! እንግዲህ ሰፈሩ እንዲማር ሰው ይሙት ተባለ።

ማንያዘዋል፦ ሰውማ እኔን ሳያስፈቅድ ይሞታል።

ስንዱ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አቶ ጎርፉ ከአረቄ ቤት ሲወጡ ቱቦ ውስጥ ገብተው ሲሞቱ ምን ብለው ለፈፉ?

ማንያዘዋል፦ አሁን የጎርፉን ነገር ምን አመጣው?

ስንዱ፦ ይመልሱልኝ። ምን አሉ?

ማንያዘዋል፦ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም»።

ስንዱ፦ ሕመሙ ቱቦው ነው?

ማንያዘዋል፦ እንግዲህ…

ስንዱ፦ ያ ባለ ወፍጮውስ? ከውሽማው ቤት በቃሬዛ ሲያወጡት ምን አሉ?

ማንያዘዋል፦ «በሥራ ላይ እንዳሉ»።

ስንዱ፦ በሥራ ላይ እንዳሉ! ሰምተዋል ራስዎን? የሰካራሙን ሸፈኑ፣ የውሽማ ወዳጁን ሸፈኑ። በዚህ ሰፈር ሞቶ ገመናው ያልተሸፈነለት የለም። እናቴ ላይ ሲደርስ እውነት አማረዎት? ሰባ ዓመቷን በክብር ኖራ፣ የማንንም ደጅ ሳትረግጥ!

ማንያዘዋል፦ እውነቱ ውርደት ነው እንዴ? ኪኒን አቋረጠች ማለት ሰረቀች ማለት አይደለም።

ስንዱ፦ እውነት መሆኑን ማን ነገረዎት? እርስዎ ጡሩምባ ነፊ እንጂ ሐኪም ነዎት? እናቴ ቀኗ ደርሶ ነው የሞተችው!

ማንያዘዋል፦ ሆስፒታል ያሉት ሐኪም ምን አሉሽ?

ስንዱ፦ ደም ብዛቷ ጨምሮ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ኪኒን ስላቆመች ነው የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም!

ማንያዘዋል፦ ኪኒኗን ትወስድ ነበር ወይ ብለው አልጠየቁሽም?

ስንዱ፦ ጠየቁኝ። ቢጠይቁኝስ?

ማንያዘዋል፦ ምን ብለሽ መለስሽላቸው?

ስንዱ፦ ትወስዳለች አልኳቸው።

ማንያዘዋል፦ ስንዱ!

ስንዱ፦ ምን ልበል? እናቴ አፏ ተጣሞ ተኝታ፣ ያ ሁሉ ነጭ ጋወን ከቦኝ «አይ፣ እኔ ነኝ ያስቆምኳት» ልበል? በየቀኑ በሰዓቷ ትውጣለች አልኩ። አሁን ደስ አለዎት?

ማንያዘዋል፦ ምኑ ደስ ይለኛል። እኔ እኮ አንቺን ለመክሰስ አልተነሳሁም።

ስንዱ፦ አልተነሱም? ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ይዩዋ! ሴቱ ሁሉ በነጠላው ሥር አጮልቆ ያየኛል። ወጥ ስታቀርብ የነበረች አንዷ ሳትጠራኝ «ኪኒኗን ማን አስተዋት?» ብላ ለጎረቤቷ ስታንሾካሽክ በጆሮዬ ሰማሁ። ነገ ሣልስቷ ነው። የአባቴ ዘመዶች ከመሐል ሜዳ ይገባሉ። እነሱ ሳይሰሙ ይህ ነገር መጥፋት አለበት!

ማንያዘዋል፦ ለምንድን ነው መጀመሪያውኑ ያስተውሻት? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

ስንዱ፦ ለምን ይመስልዎታል? ጠልቻት? አባቴ ስንት ዘመን ያንን ኪኒን ሲውጥ ኖሮ ኩላሊቱ ፈርሶ አይደለም እንዴ የሞተው? አብጦ፣ ሽንቱን መሽናት አቅቶት! ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። እናቴንም እንደዚያ ሆና ልያት? ሽፈራው ከአርባ ምንጭ አስመጣሁ። ቅጠል ነው፣ እግዜር ያበቀለው ቅጠል! እንቅልፏ ተስተካከለ፣ ራስ ምታቷ ጠፋ። ሊጡን ስታቦካ ታንጎራጉር ጀመር።

ማንያዘዋል፦ የአባትሽን ኩላሊት ያፈረሰው ኪኒኑ አይደለም፣ ራሱ ደም ብዛቱ ነው። ሐኪም ያገኘው ከፈረሰ በኋላ ነው። ይቺንም በምራቂ ተናግሬያታለሁ። በርሽ ላይ ስደርስ ሬድዮኑን እስከ ጥግ ከፈትሽብኝ።

ስንዱ፦ ከፈትኩብዎታ! ነገም እከፍታለሁ። ለነገሩ ገባኝ፤ ይሄ ሁሉ ቂም ነው።

ማንያዘዋል፦ የምን ቂም?

ስንዱ፦ በስብሰባው ላይ ተነስቼ «እድር ይቅበር፣ ሐኪም ያክም፤ ጡሩምባ ነፊ ደግሞ አፉን ለጡሩምባው ይቆጥብ» ስል ሰዉ ሁሉ አጨበጨበልኝ። እርስዎ ጥግ ላይ ፊትዎ ቲማቲም መስሎ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስዎን ነክሰው ጠበቁኝ፤ እናቴ ስትሞት አገኙኝ።

ማንያዘዋል፦ አፍሽን ሰብስቢ! እናትሽን በዚህ ትከሻዬ ነው የተሸከምኳት። ቂም ያለበት ሰው ቃሬዛ ይሸከማል?

ስንዱ፦ ትሸከማለህ! ገድለህም ትሸከማለህ አንተ! ስሟን ገድለህ፣ ሬሳዋን ተሸከምክ! ከዚህ ተነስቼ በቀጥታ ዳኛው ዘንድ ነው የምሄደው። ያቺን ጡሩምባ ካላስነጠቅሁህ እኔ የአቻምየለሽ ልጅ አይደለሁም!

ማንያዘዋል፦ እንኳን «አንተ» አልሽኝ። ሂጂ፣ አስነጥቂኝ። ውሸት ነበር ብዬ ግን አልለፍፍም።

ስንዱ፦ ድንጋይ ነህ። የሰው ልብ የለህም። በዚህ ሰፈር ሰው ሆና ያጽናናችኝ ተዋበች ብቻ ናት። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ፣ እሷም ደም ብዛት አለባት፣ ከኔ በላይ ታውቃለች። ትናንት አቅፋኝ «አይዞሽ ስንድዬ፣ ሽፈራውሽ ምን በወጣው! እኔም ኪኒኔን ጥዬ እሱን ስጠጣ ይኸው ምን ሆንኩ?» ነው ያለችኝ።

ማንያዘዋል፦ ምን አልሽ?

ስንዱ፦ ሰማኸኝ።

ማንያዘዋል፦ ተዋበችም ኪኒኗን ጥላለች? ያቺ የአራት ልጆች እናት?

ስንዱ፦ ብትጥልስ? በራሷ ፈቃድ ነው።

ማንያዘዋል፦ የማኅበራችሁ ሴቶችስ? ሌላ ለማን ሰጠሽ?

ስንዱ፦ ለጠየቀኝ ሁሉ! ሰው ጥሩ ነገር ሲያገኝ ለጎረቤቱ አያካፍልም? ሳንቲም ተቀብዬበት አላውቅም።

ማንያዘዋል፦ እነማን ናቸው? ጥሪልኝ።

ስንዱ፦ አልጠራም! ነገ አንድ በአንድ በጡሩምባ ልትዘራቸው?

ማንያዘዋል፦ ወይ እኔ! እኔ ደግሞ ተናገርኩ ብዬ ትናንት እፎይ ብዬ ተኛሁ። ጎደሎ ነገር ነው ለካ የተናገርኩት።

ስንዱ፦ ምኑ ነው የጎደለው? ምን አስቀረህና!

ማንያዘዋል፦ ሽፈራውን። «ኪኒን አታቁሙ» አልኳቸው። እነሱ ደግሞ «እኛ በምትኩ ሽፈራው ይዘናል፣ ነገሩ እኛን አይመለከትም» ብለው ተኙ። ተዋበች ራሷ ነገረችሽ እኮ! ቅጠሉን ይጠጡ አይጠጡ እሱን ሲስተር ትንገራቸው፤ ኪኒኑን ትተው ግን አንዷ ነገ ትወድቃለች።

ስንዱ፦ ዝም ብለህ አታሟርት! ይሄን ያህል ካሰብክላቸው ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም? «ያስቆመቻት ስንዱ ናት፣ ሽፈራው ሰጥታ ነው» ማለት ማን ከለከለህ? አንዴ ካዋረድከኝ ወዲያ ግማሹን ለምን ዋጥከው?

ማንያዘዋል፦ ተከልክዬ ነው።

ስንዱ፦ በማን? በዳኛው?

ማንያዘዋል፦ ተይው በቃ። ወደ ድንኳንሽ ሂጂ።

ስንዱ፦ አልሄድም! በማን?

ማንያዘዋል፦ በእናትሽ።

ስንዱ፦ ደግሞ ከሞተች በኋላ ታናግራት ጀመር?

ማንያዘዋል፦ ከመሞቷ በፊት ነው። የመቶ አለቃ ጥላዬ ሚስት ያረፉ ሰሞን፣ እዚሁ ደጃፍ፣ ያቺ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ። በዚያን ዕለት ምራቂዋ «ደም ብዛት ሳያምም ይገድላል፣ ራስ ምታት ጠፋ ተብሎ ኪኒን አይቆምም» የምትል ነበረች። እናትሽ ከቀብር ስትመለስ መጣችና «ማንያዘዋል፣ ያቺን ነገር እስቲ ድገማት» አለችኝ። ደገምኩላት። «እንግዲያው እኔ ጅል ነኛ» ብላ ሳቀች።

ስንዱ፦ ውሸታም!

ማንያዘዋል፦ ሥላሴ ምስክሬ ናቸው።

ስንዱ፦ ገብቷት ከነበረ ለምን ኪኒኗን አልጀመረችም? ቤት ውስጥ ነበረ እኮ፣ ኮሞዲኖዋ ውስጥ!

ማንያዘዋል፦ እኔም ይህንኑ ነው ያልኳት። «ስንዱ በየጠዋቱ በገዛ እጇ አፍልታ ታመጣልኛለች፤ እስክጨርሰው ድረስ ቆማ ታየኛለች። አባቷን ከቀበረች ወዲህ ፊቷ ሲፈካ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አልፈልግም ብላት ትሰበርብኛለች። ትንሽ ትጽና፣ ራሴ እነግራታለሁ» አለች።

ስንዱ፦ ዝም በል!

ማንያዘዋል፦ ዝም ብዬ ነበር እኮ፤ አንቺ ነሽ ጎትተሽ ያወጣሽው። ልትሄድ ስትነሳ «ድንገት ብቀደም ግን በምን እንደሞትኩ ተናገር፤ ሌላው ይማርበት። የልጄን ስም ግን እንዳታነሳ፣ ማልልኝ» አለች። እየሳቀች ነበር፤ ቀልድ መስሎኝ ማልኩላት።

ስንዱ፦ ለኔስ?

ማንያዘዋል፦ ምን?

ስንዱ፦ ለኔስ! ቀበሌውን ሙሉ የምትቀሰቅስ ሰውዬ፣ ለኔ ለልጇ አንዲት ቃል ሹክ ማለት አቃተህ? በሕይወት ነበረች እኮ! የምትድንበት ጊዜ ነበራት! «ስንዱ፣ እናትሽ ፈርታሽ ነው የምትጠጣው» ብትለኝ ምን ነበረበት?

ማንያዘዋል፦ ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር? በስብሰባ ላይ ያስጨበጨብሽብኝ ሰው ነኝ፤ «ይሄ ቂመኛ ሽማግሌ» ብለሽ በሩን ትዘጊብኝ ነበር።

ስንዱ፦ አልሰማህም ነበር! እዘጋብህ ነበር! ቢሆንም ትነግረኛለህ!

ማንያዘዋል፦ እውነትሽን ነው። መንገር ነበረብኝ።

ስንዱ፦ እግዚኦ… እንዴት እንደሚመር ታውቃለህ? ስትጠጣው ፊቷ ጭምድድ ይላል። «ይመራል እንዴ እማዬ?» ስላት «አንቺ ያፈላሽው ምን ይመራል» ትለኝና ብርጭቆውን ገልብጣ ታሳየኛለች። ስትጨርስ ጉንጯን እስማታለሁ። እስማታለሁ እኮ ጋሼ! እየገደልኳት!

ማንያዘዋል፦ ከመሬቱ ተነሽ ልጄ። የጠዋት ቁር ነው፣ ይገባብሻል።

ስንዱ፦ አትንካኝ! አታባብለኝ! አንተንም ይቅር አላልኩህም።

ማንያዘዋል፦ አትበይኝ። የሴቶቹን ስም ብቻ ንገሪኝና ተዪኝ። ሲስተር ሐረገወይን ዛሬውኑ ቤት ለቤት ትዙር።

ስንዱ፦ ለሲስተር በር አይከፍቱላትም። «ጤና ጣቢያ ከገባሽ በኩላሊት ነው የምትወጪ» ብዬ ያስፈራራኋቸው እኔ ነኝ። ብትለምናቸው ይስቁባታል። ከኔ አፍ ካልሰሙ አያምኑም።

ማንያዘዋል፦ ታዲያ አንቺ ዙሪያቸዋ።

ስንዱ፦ የቅርቦቹን አውቃቸዋለሁ። እነሱስ ለማን ለማን እንዳካፈሉ በምን አውቃለሁ? ነገ ንፋ።

ማንያዘዋል፦ እንደገና ልንጀምር ነው? አላስተባብልም ብዬሻለሁ።

ስንዱ፦ ማን አስተባብል አለህ? ሁሉም በሚሰማበት ሰዓት ንፋና «አቻምየለሽን ኪኒኗን ያስቆመቻት ልጇ ስንዱ ናት። በኪኒን ፈንታ ሽፈራው ጠጡ ያለቻችሁ ተሳስታ ነው፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ» በል።

ማንያዘዋል፦ የአባትሽ ዘመዶች እኮ ነገ ይገባሉ አልሽ።

ስንዱ፦ ይግቡ። ይስሙ።

ማንያዘዋል፦ ደግሞ ሰው ሳይሞት ጡሩምባ አይነፋም። ዳኛው ከልክለዋል።

ስንዱ፦ ተዋበች እስክትሞት ልጠብቅ?

ማንያዘዋል፦ ስንዱ፣ የፈለግሽውን ልታዘዝሽ፤ ይሄን ግን አልችልም። ለእናትሽ ምያለሁ። ስምሽ ከኔ አፍ አይወጣም።

ስንዱ፦ እንግዲያው ጡሩምባዋን ወዲህ በላት። ስሜን እኔው እጠራዋለሁ።